ስለ መግቦትና ስለ ተዐቅቦ

መስጠት የፍቅር ሥራ መሆኑን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል፤ መከልከል ግን የፍቅር ሥራ ሊሆን ይችል እንደ ሆነ የጠየቀ ሰው፥ መልሱን ከሊቃውንት ጉባኤ ይጠብቃል እንጂ በመስኮት ሥር ከተቀመጠ የሸክላ ዕቃ አገኘዋለሁ ብሎ አያስብም። እኔም ሳላስበው ነው ያገኘሁት።

ሳንሴቬሪያ የሚባለው ተክል ቅጠሉ ወፍራም፥ እንደ ሰይፍ ከአፈር ቀጥ ብሎ የቆመ፥ ጠርዙም እንደ ነጠላ ጥለት በቢጫ የተዘመዘመ ነው፤ እንግሊዞች በቀልድ «የአማት ምላስ» ይሉታል። ትውልዱ ከናይጄሪያ እስከ ኮንጎ ባለው ምድር ሲሆን፥ በእኛም ቆላ ዘመዶቹ ይበቅላሉ፥ ከቅጠላቸውም ቃጫ ተፍቆ ገመድ ይገመዳል። አንድ ወዳጄ በሸክላ ተክሎ ሲሰጠኝ «ብትረሳው ይሻለዋል» ቢለኝ፥ እንግዳን መርሳት ነውር መስሎኝ፥ ማለዳ ማለዳ ቡናዬን ሳልቀምስ አንድ ጣሳ ውሃ አፈስለት ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ የቅጠሉ ግርጌ ገረጣ፤ በጣቴ ብነካው እንደ ተቀቀለ ድንች ላመ፤ ሳብ ባደርገው ያለ ሥር ወጣ፥ ሽታውም የረጋ ኩሬ ሽታ ነበረ። ማርም ሲበዛ ይመራል እንዲሉ፥ ተክሉ የሞተው በጥም ሳይሆን በቸርነቴ ነው።

ምክንያቱን በመረመርሁ ጊዜ የሥነ ፍጥረቱ ሥርዐት አስደነቀኝ። ሥር እንደ ሰው አየር ይሻል፤ በአፈሩ መካከል ያለው ክፍተት ሁሉ ውሃ ሲሞላው ታፍኖ ይበሰብሳል። የሚበዙት ዕፀዋት በቀን የቅጠላቸውን ጥቃቅን ደጆች ከፍተው አየር ሲስቡ ውሃቸው በፀሐይ ይተናል፤ ይህን ተክል ግን ደረቅ ምድር ያሳደገው ስለ ሆነ ደጁን የሚከፍተው በሌሊት ነው፤ በሌሊት የሳበውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአሲድ መልክ አከማችቶ፥ በነጋ ጊዜ ደጁን ዘግቶ በብርሃን ኃይል ምግቡን ያዘጋጅበታል። ሌሊቱን በሰዓታት ቆሞ፥ ቀኑን በዓቱን ዘግቶ በአርምሞ የሚውል መነኩሴን ይመስላል፤ የእኔም ደግነት ጾመኛን አስገድዶ እንደ ማብላት ያለ ነበረ።

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 አዳም በገነት የተሾመው ያበጃት ዘንድና ይጠብቃት ዘንድ ነው፤ ትእዛዙ ሁለት ሲሆን እኔ አንዱን ብቻ ይዤ ኖሬአለሁ። ማበጀት እጅን መዘርጋት ሲሆን፥ መጠበቅ ብዙ ጊዜ እጅን መሰብሰብ ነው። ነገር ግን እጁን የሰበሰበ ሁሉ ጠባቂ አይባልም፤ ቸልተኛውም ውሃ አያፈስም፥ አስተዋዩም አያፈስም፥ ከሩቅ ለሚያያቸው ሁለቱ አንድ ናቸው። የሚለያቸው ጣት ነው፤ አስተዋዩ ጣቱን እስከ ሁለተኛው አንጓ በአፈሩ ሰዶ፥ ደርቆ እንደ ሆነ ያጠጣል፥ ርጥብ እንደ ሆነ ይታገሣል፤ ቸልተኛው ግን አፈሩን አይነካም። ልመናችን ሳይፈጸም ሲዘገይ እግዚአብሔር ረሳን የምንለው፥ የሚፈስሰውን ውሃ እንጂ በአፈሩ ውስጥ ያለውን ጣት ማየት ስለማይሆንልን ይመስለኛል። ይህንም ማለቴ ለተራበው ጎረቤቱ እንጀራ የከለከለ ሰው ተዐቅቦን መጋረጃ እንዲያደርግ አይደለም፤ የተራበ ሰው አፈሩ ደርቋልና።

ከሞተው ተክል አንድ ጤነኛ ቅጠል ተርፎ ነበርና፥ በስለት ቆርጬ፥ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን አቆይቼ፥ ግርጌው በተበሳ ሸክላ፥ አሸዋ በበዛበት አፈር ተከልሁት። ወራት አልፎ ቡቃያው ብቅ ሲል ግን ቢጫው ጥለት አልነበረውም፤ ያ ጥለት የሚወረሰው ከመሬት በታች ያለው ግንድ ከነቡቃያው ሲከፈል እንጂ ከተቆረጠ ቅጠል አይደለምና። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት፥ በምዕራፍ 3፥ ተካዩንና አጠጪውን ከምንም ሳይቈጥር ማሳደግን ለእግዚአብሔር ብቻ የሰጠበት ምክንያት ያን ቀን ገባኝ፤ የተመኘሁት ባለ ጥለቱን ነበር፥ የተሰጠኝ ግን አረንጓዴው ነው።

ዛሬ ማለዳ ጣቴን ሰደድሁ፤ አፈሩ ገና ርጥብ ነው። ጣሳውን ወደ ቦታው መለስሁት።