በሰው አፍ ማመን

የአክስቴ ልጅ ወንድ ልጅ ወለደችና በአርባ ቀኑ ክርስትና እንዳነሳላት ጠየቀችኝ። እምቢ ማለት ነውር ነው፤ እሺ ማለት ደግሞ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ምንም አላስጨነቀኝም። በማለዳ ሄድኩ፣ ሕፃኑን ታቀፍኩ፣ ፊቴን ወደ ምዕራብ አዙሬ በእሱ ፈንታ ሰይጣንን ካድኩ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሬ በእሱ ፈንታ አመንኩ። ልጁ ውሃው ሲነካው እሪ አለ። ማዕተብ ታሰረለት፣ ቆረበ፣ ተኛ። እኔም ዶሮዬን በልቼ ወደ ዶርም ተመለስኩ።

ማታ አልጋችን ላይ ተጋድመን የሆነውን ስተርክ አንዱ ጓደኛችን «ለመሆኑ ልጁን ጠየቅኸው?» አለኝ። ሁላችንም ሳቅን። እሱ ግን አልሳቀም። «የአርባ ቀን ልጅ እንደማይጠየቅማ አውቃለሁ። እኔ የምልህ፣ ያልጠየቅኸውን ሰው ወክለህ "አምናለሁ" ስትል ያመነው ማነው? አንተ ነህ እሱ?» እንዴ! መልስ አጣሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይህንኑ ሳሳድድ ከረምኩ። (የፈተናዬን ነገር አታንሱብኝ።) ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ያየሁት አርባ ቀን ከየት እንደመጣ ነው። ከኦሪት ነው። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ወንድ የወለደች ሴት 7 ቀን፣ ከዚያም 33 ቀን ትቆያለች፤ ሲደመር 40። ሴት ከወለደች 14 እና 66፤ ማለትም 80። ወንዱ ልጅ በስምንተኛው ቀን ይገረዛል። ሙሉ ቃሉ በግዕዝ ብቻ የተረፈልን መጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ አዳም በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ገነት መግባታቸውን ይተርካል። አንዲት የክፍላችን ልጅ «ሴቷ እጥፍ የምትጠብቀው ዘግይቶ ስለሚገባት ነው?» ብላ ቀለደችብኝ። መቼስ ቀልዷ ጥሩ ቦታ መታ፦ በኦሪቱ ቀኑ የተቆጠረው ለእናትየዋ መንጻት ነው እንጂ ለልጁ አእምሮ አይደለም። አርባም ሆነ ሰማንያ ስለ መረዳት የሚሉት ነገር የለም።

ታዲያ ስለ መረዳት ያሰበ አልነበረም? ነበረ እንጂ። ይሁዳውያን ሊቃውንት ለዚህ ነገር ቁጥር አበጅተውለታል። በሚሽና እንደተጻፈው ሴት ልጅ 12 ዓመት ከአንድ ቀን፣ ወንድ ልጅ 13 ዓመት ከአንድ ቀን ሲሞላቸው ስለታቸው የጸና ነው። ከዚያ በፊት ባለው አንድ ዓመት ልጁ ይመረመራል፤ በማን ስም እንደተሳለ ያውቅ እንደሆነ ይጠየቃል። ከዚያም በታች ከሆነ ግን «አውቃለሁ» ቢልም ስለቱ ስለት አይሆንም፤ ዕድሜው ካለፈ በኋላ ደግሞ «አላወቅሁም ነበር» ቢል አይሰማለትም። ጨካኝ የሚመስል ግን ሐቀኛ ሕግ ነው። ቃል የሚባለው ነገር በር እንዳለው፣ በሩም በአንድ ቀን እንደሚከፈት ይነግርሃል።

እኔን ይበልጥ የያዘኝ ግን በባቢሎን ታልሙድ፣ ኬቱቦት በተባለው ክፍል ያለው ክርክር ነው። ከአሕዛብ ወገን የሆነ ሕፃን ወደ ይሁዲነት ሲገባ በውሃ ይጠመቃል። ማን ፈቅዶለት? ራቭ ሁና የፍርድ ሸንጎው ቆሞለት ይጠመቃል አለ። ምክንያቱም ሰው በሌለበት ሊጠቅሙት ይቻላል፤ በሌለበት ሊጎዱት ግን አይቻልም። መምህራኑም ወዲያው ይጠይቃሉ፦ ይሄ በእርግጥ ጥቅም ነው? ያደገ ሰው ልቅ ኑሮን ቀምሶ ስለሚያውቅ ሕግ ሲጫንበት እንደ ጉዳት ሊያየው ይችላል፤ ሕፃኑ ግን ገና ስላልቀመሰ ለእሱ ጥቅም ነው ብለው ይደመድማሉ። እዚህ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ እኔም መጽሐፉን ዘግቼ እተኛ ነበር። ራቭ ዮሴፍ ግን አንድ ነገር ጨመረ፤ እነዚህ ልጆች ሲያድጉ መቃወም ይችላሉ አለ። በቃ ይችላሉ! ያደገው ልጅ «እኔ በዚህ ውስጥ የለሁበትም» ካለ ነገሩ ይፈርሳል። ካደገ በኋላ ግን አንዲት ሰዓት እንኳ ሳይቃወም ካለፈች መብቱ አበቃ።

ይህ መብት የተሰጠው ከውጭ ለገባው ልጅ ነው። ከአይሁድ እናት ተወልዶ በስምንተኛ ቀኑ የተገረዘው ግን ማንም አይጠይቀውም፤ ቢቃወምም ያው አይሁዳዊ ነው። እንግዲህ በዚያው ሕግ ውስጥ የተወለዱበትና የገቡበት ነገር ለየብቻ ይታያል ማለት ነው። የእኔ ጥያቄም እዚህ ላይ ወደቀ። ያ ሕፃን ክርስትናን ተወለደበት ወይስ ገባበት?

የጥንቶቹ ክርስቲያኖች በዚህ አልተስማሙም። ሐዋርያዊ ትውፊት የተባለው መጽሐፍ (ሊቃውንት በዘመኑና በጸሐፊው ይከራከሩበታል፤ በግዕዙ ሲኖዶስም ይገኛል) ሕፃናት በመጀመሪያ ይጠመቁ፣ መናገር የቻሉ ለራሳቸው ይመልሱ፣ ላልቻሉት ወላጆች ወይም ዘመድ ይመልስላቸው ይላል። የካርቴጁ ተርቱሊያን ግን በ200 ዓ.ም. ገደማ ይቆዩ ባይ ነበር። ክርስቶስን ማወቅ ሲችሉ ክርስቲያን ይሁኑ ነው ነገሩ። በዚያችው ከተማ ከግማሽ ምእት ዓመት በኋላ ጳጳሱ ቆጵርያኖስ ከ66 ጳጳሳት ጋር ተሰብስቦ የተቃራኒውን ወሰነ። ፊዶስ የተባለ ወንድም እንደ ግዝረቱ እስከ ስምንተኛው ቀን እንጠብቅ ብሎ ጽፎላቸው ነበር፤ እንዲያውም አዲስ የተወለደን ልጅ መሳም ያስጸይፋል እስከማለት ደርሷል። ጉባኤው ስምንት ቀንም አይጠበቅ አለ። ቆጵርያኖስ የሕፃኑን ለቅሶ ራሱን እንደ ልመና ቆጠረው። የእኛ ልጅ እሪታ ትዝ አለኝ። ልመና ነበር? ለእኔ ጆሮ ተቃውሞ ነበር የመሰለኝ፤ ግን ውሃው ቀዝቃዛ መሆኑንም አልክድም።

ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ በ381 አማካይ መንገድ ፈለገ፦ አደጋ ከሌለ ሦስት ዓመት ገደማ ይጠበቅ፣ ልጁ ቃሉን ሰምቶ ጥቂትም ቢሆን እንዲመልስ። ኧረ የሦስት ዓመት ልጅስ ምን ይመርጣል? የነገሩትን ነው የሚደግመው። ጓደኛዬ «ሲያድግ ይምረጥ» ሲል የሚዘነጋው ይህንን ይመስለኛል። ስምም ቋንቋም ሳንጠየቅ ነው የተሰጠን፤ ባዶውን ያደገ ልጅም ባዶነትን አልመረጠም። አውግስጢኖስ በልጅነቱ ታሞ ጥምቀቱ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሲሻለው ቀረ። በመጨረሻ በ387 ፋሲካ፣ በ32 ዓመቱ፣ ሚላኖ ላይ በአምብሮስዮስ እጅ ሲጠመቅ የ15 ዓመት ገደማ ልጁም አብሮት ተጠመቀ። ያን መዘግየት ኋላ ሲያስበው አልወደደውም።

የጓደኛዬን ጥያቄ ቃል በቃል ማለት ይቻላል ያገኘሁትም ከእሱው ደብዳቤ ነው። ቦኒፋቲዮስ የተባለ ጳጳስ እንዲህ ሲል ጠየቀው፦ ይህ ልጅ ሲያድግ ንጹሕ ይሆናል ወይስ ሌባ ብለው ወላጆቹን ብጠይቅ አናውቅም ይላሉ፤ ታዲያ ያምናል ወይ ሲባሉ እንዴት በድፍረት ያምናል ብለው ይመልሳሉ? አውግስጢኖስ የእምነት ምሥጢር በራሱ መንገድ እምነት ይባላል፤ በየዓመቱ ፋሲካ ሲሆን ዛሬ ጌታ ተነሣ እንደምንለው ነው ብሎ መለሰ። ብልህ መልስ ነው። እኔ ግን ጥያቄው ከመልሱ የበለጠ ጉልበት ያለው ይመስለኛል። መልሱ ስለ ምሥጢሩ ይናገራል፤ ያንን ቃል ስላወጣው አፍ አይናገርም።

ስለ አፉ የተናገረው ያው ተርቱሊያን ነው። ሰዎች ሕፃናት ይቆዩ ማለቱን ብቻ ነው የሚያነሱለት። እሱ ግን ቃል የሚገቡላቸው ዋሶች ለምን አደጋ ላይ ይወድቃሉ ብሎም ጠይቋል፤ ዋሱ ሞቶ ቃሉን ሳይፈጽም ሊቀር ይችላል፣ ወይም ልጁ ክፉ ሆኖ ያሳፍረዋል። እዚህ ላይ ስደርስ ደነገጥኩ። ለካ የገባሁት ዋስትና ነው! በእሱ አፍ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር እንጂ የታሰርኩት እኔው ነኝ።

ይህንን ለጓደኛዬ ነገርኩት። «እሺ፣ በ13 ዓመቱ መጥቶ እንደ ታልሙዱ ልጅ እቃወማለሁ ቢልህስ?» አለኝ። ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ አልኩት፤ አንዲት ሰዓት ብቻ ሳይሆን የፈለገውን ያህል። ሊሰማኝ የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እነግረዋለሁ፤ እስከዚያ አውቄው ከተገኘሁ። ሰይጣንን እክዳለሁ ብዬ በአፌ ስናገር ያ ቀን የመጀመሪያዬ ነበርና። ለእኔም በአርባ ቀኔ የተናገሩልኝ ሰው ነበሩ። ሰባት ዓመት ሳይሞላኝ ሞቱ። ምን ብለው እንደመለሱልኝ እናቴን ጠየቅኳት፤ ድምፃቸው ቀጭን ስለነበር አልሰማሁም አለችኝ።