አውራ ጣት የማያህል ወታደር

ከብረት የተቀረጸ፣ አውራ ጣቴን የማያህል ወታደር ጠረጴዛዬ ላይ ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ1815 ዋተርሎ ላይ ከተሰለፉት የእንግሊዝ እግረኞች የአንዱ ምስል ነው። ኮቱን ቀይ፣ ሱሪውን ግራጫ ቀባሁት። አምሮ ስለታየኝ ፎቶግራፍ ላነሳው ሌንሱን አስጠጋሁ። ያን ጊዜ ደነገጥሁ። የኮቱ ቁልፍ እንኳ አልቀረም፤ ዓይን ግን የለውም። ረስቼዋለሁ።

ለመሆኑ ሰው ያለቀበትን ሜዳ አሳንሶና አሳምሮ መደሰት ነውር ነው ወይስ አይደለም?

ዊልያም ሳይቦርን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን ይህንኑ ውጊያ ከሰባ ሺህ በሚበልጡ ትንንሽ ምስሎች ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1838 ለንደን ውስጥ ለሕዝብ አሳይቷል። እያንዳንዱ ክፍል የት እንደቆመ ለማወቅ ከውጊያው ለተረፉ መኮንኖች ደብዳቤ እየጻፈ ጠይቋል። ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ያስነሳው ክርክር ስለ ሞቱት አልነበረም፤ ድሉ የማን ነው የሚል ነበር። የፕሩሲያ ጦር በዝቶ መታየቱ የእንግሊዙን አዛዥ ዌሊንግተንን አላስደሰተም።

እኔ ማሳነሱን አልኮንንም። በቁመቱ ልክ ሊያዩት የሚከብደውን ነገር አሳንሶ መመርመር የሰው ወግ ነው። ነውሩ ያሳነስነው እኛ መሆናችንን መርሳቱ ላይ ነው። ሰው ሲያንስ ለመቁጠር ይቀላል፤ ቁጥር ደግሞ እናት የለውም።

ካሜራው ግን ያን ወታደር አጉልቶ መለሰልኝና ተፋጠጥን። ከዚያ ወዲህ ብሩሼን ስነክር ከልብሱ አስቀድሜ ዓይኑን እሠራለሁ። ለሞተው የሚፈይድለት የለም። እኔን ግን የሚያየኝ ሰው እንዳለ ያስታውሰኛል።