ማርሽና የሰው እጅ

መሣሪያ የተፈጠረው የሰውን ድካም ለማቅለል መሆኑ አያከራክርም። ሊያከራክር የሚገባው፣ ድካሙ ሲቀል አብሮት የሚቀለው ምን እንደሆነ ነው። ማርሹን በእጃቸው እየለወጡ መንዳትን ከአውቶማቲክ አብልጠው የሚወዱ ሾፌሮች ዛሬም ጥቂት አይደሉም። ምርጫቸው የልማድ ግትርነት ብቻ ነውን?

ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1939 ሃይድራማቲክ የተባለውን አውቶማቲክ ካምቢዮ ለኦልድስሞቢል አውቶሞቢሎች ካቀረበ ወዲህ፣ የፍሪሲዮን ፔዳል የሌለው መኪና በዓለም ተስፋፍቷል። ቀድሞ በእጅ የሚለወጠው ነዳጅ ይቆጥባል ይባል ነበር፤ ብዙ ማርሽ ያላቸው አዳዲሶቹ አውቶማቲኮች ይህን ብልጫ በአመዛኙ አጥፍተውታል። ግራ እግሩን ላጣ ሰውም አውቶማቲክ የነፃነት በር ነው። እንግዲህ ክርክሩ በቁጠባም ሆነ በኩራት ላይ ሊቆም አይችልም።

ሆኖም ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደውን የጭነት መኪና ሾፌር እንመልከት። ጭነቱን፣ ቁልቁለቱንና የሞተሩን ድምፅ መዝኖ፣ መውረድ ሳይጀምር ከባድ ማርሽ ያስገባል። ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዝለታል፤ ፍሬኑም ግሎ አይከዳውም። በአውቶማቲክም ከባድ ማርሽ መያዝ ይቻላል፤ ልዩነቱ፣ አንደኛው መሣሪያ ይህን ዕውቀት ግድ ሲል፣ ሌላው ሳያውቁ መንዳትን መፍቀዱ ነው።

የሸማኔውም ሥራ እንዲሁ ነው። እግሩ መርገጫውን፣ እጁ መወርወሪያውን፣ ዓይኑ ድሩን በአንድነት ይከተላሉ። እንዲህ ያለው ችሎታ በአካል ውስጥ የተቀመጠ ስለሆነ በቃል ተነግሮ አያልቅም፤ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ሲቋረጥም ማንም ሳያስተውለው ይጠፋል።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች፤ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ደግሞ በአብዛኛው የሚለወጥ ማርሽ የላቸውም። በመሆኑም ነገ መሪ የሚጨብጠው ወጣት ፍሪሲዮንን ሳያውቅ ሊያድግ ይችላል። ይህን ማስቆም አይቻልም፤ ማስቆሙም አይገባም። የመምህሩ፣ የባለሙያውና የከያኒው ኃላፊነት፣ መሣሪያው ከሰው ላይ ያነሳለትን ትኩረት ሰው ለምን እንዳዋለው መጠየቅ ነው። የተረፈው ትኩረት መንገዱንና እግረኛውን ለማየት ከዋለ፣ ድካሙ በእውነት ቀሏል። በእጁ የያዘውን ስልክ ለመመልከት ከዋለ ግን፣ የቀለለው ሰውየው ራሱ ነው።