የተረፈው ሰዓት የማን ነው?



የናፍጣ ወፍጮ ወደ ገጠራችን በገባ ጊዜ እናቶቻችን ሌሊት ተነሥተው በድንጋይ ከመፍጨት ዐረፉ። ትልቅ በረከት ነበረ። ነገር ግን ከመጁ የተረፈው ሰዓት ብዙውን ጊዜ ዕረፍት አልሆነላቸውም፤ ውኃው፣ እንጨቱ፣ እህል ተሸክሞ ወፍጮ ቤት መመላለሱም ወሰደው። መሣሪያ ድካምን ያቀልላል፤ የተረፈው ጊዜ ለማን እንደሚሆን የሚወስነው ግን ሰው ነው። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ልናነሣው የምንወደው ጥያቄም ይኸው ነው።

በ2020 (ዓመታቱን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የኮቪድ ወረርሽኝ የቢሮ ሠራተኞችን በየቤታቸው አስቀመጠ። ወረርሽኙ ጋብ ካለ በኋላም በብዙ አገሮች የሳምንቱን ከፊል በቤት፣ ከፊሉን በቢሮ መሥራት ልማድ ሆኖ ቀረ። በ2022 መጨረሻ ደግሞ ቻትጂፒቲ ለሕዝብ ቀረበ፤ ደብዳቤ ማርቀቅና ረጅም ሰነድ ማሳጠር የደቂቃዎች ሥራ ሆነ። (ማሽኑ ስሕተትን በልበ ሙሉነት ስለሚጽፍ፣ የማረሚያው ጊዜ ከዚህ ይቀነስ።) ሠራተኛው እንግዲህ ሁለት ጊዜ አተረፈ፤ የመንገዱን ሰዓትና የሥራውን ሰዓት።

የመንገዱን ሰዓት ስልኩ ወሰደው። ቢሮ በር ነበረው፤ በሩ ሲዘጋ ሥራውም ያበቃ ነበር። ፈረንሳይ ከ2017 መግቢያ ጀምሮ፣ ፖርቱጋልም በ2021፣ ሠራተኛው ከሥራ ሰዓት ውጭ ከአሠሪው ጥሪ የሚጠበቅበትን ሕግ ያወጡት ስለዚህ ነው። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ከምሽቱ በ3 ሰዓት በቴሌግራም የሚመጣውን ትእዛዝ ግን የፊርማ መዝገቡ አያውቀውም።

የሁለተኛው ሰዓት ነገር ይከብዳል። አሠሪው፣ «ማሽኑን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ትርፉም የእኔ ነው» ቢል ክርክሩ ከንቱ አይደለም፤ ገንዘቡን አውጥቷልና። ሆኖም ማሽኑ በጻፈው ላይ የሚፈርም ማን ነው? ስሕተት ሲገኝ የሚጠየቀው ፈራሚው ሠራተኛ እንጂ ማሽኑ አይደለም። የስሕተቱን ዕዳ የሚሸከም ሰው ከትርፉ ባዕድ ሊሆን አይገባውም ብለን እናምናለን።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ በ1891 በጻፉት ዐዋዲ መልእክት ስለ ፋብሪካ ሠራተኛ ፍትሐዊ ደመወዝ ብቻ ሳይሆን ስለ ዕረፍቱም ተናግረዋል። ሊዮ 14ኛ በግንቦት 2025 ስማቸውን ከእርሳቸው የወሰዱበትን ምክንያት ለካርዲናሎች ሲያስረዱ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በስም ጠርተዋል። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በ1981 የሥራ ክብር ከሚሠራው ነገር ይልቅ ከሠሪው ሰው እንደሚመነጭ አስተምረዋል። በዚህ መለኪያ ካየነው፣ ማሽኑ ስንት ገጽ ጻፈ ከማለት በፊት ሠሪው ምን ሆነ ማለት ይቀድማል። የአውሮፓ ኅብረት የሠራተኛን ስሜት ከፊቱና ከድምፁ የሚገምቱ ማሽኖችን ከየካቲት 2025 ጀምሮ በሥራ ቦታ መከልከሉም፣ ከሕክምናና ከደኅንነት ምክንያት በቀር፣ ከዚሁ ሐሳብ የራቀ አይደለም።

ጥያቄው ወደ ት/ቤቶቻችን፣ ወደ ክሊኒኮቻችንና ወደ ጽ/ቤቶቻችንም ይገባል። የሒሳብ ሠራተኛዋ የወሩን ሪፖርት በማሽኑ እርዳታ እስከ ቀትር ብትጨርስ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ልጆችዋ ትሄዳለች ወይስ ሁለተኛ ፋይል ይቀርብላታል? ይህን ማሽኑ ከመገዛቱ በፊት ከእርስዋ ጋር ተቀምጦ መነጋገር ይቻላል።