ሠርገኛ ሳይመጣ

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ ላፕቶፕሽን ጉልበትሽ ላይ አድርገሽ «ጋሼ፣ የዋቢ መያዣው ፕሮግራሜ ዞቴሮ አዲሱን ቨርዥን ጫኚ ይለኛል፤ ልጫነው ወይስ ልተወው?» ስትይኝ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ ስለነበር በቅጡ አልመለስሁልሽም። ዛሬ ልጻፍልሽ።

መጫኑንስ ጫኚው። አሮጌው ላይ ሙጭጭ ያለ ሰው አንድ ቀን ከወርድ ጋር አልግባባ ብሎት ሌሊቱን ሲታገል ያድራል። ችግሩ ጊዜው ላይ ነው። እዚህ ስቶክሆልም የዶክትሬት ጥናት ለሙግት ከመቅረቡ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ «ይቸነከራል»። ስፒክኒንግ ይሉታል። ዛሬ በአብዛኛው በኢንተርኔት ቢሆንም መዶሻና ሚስማር ይዘው መጽሐፋቸውን የሚመቱ አሁንም አሉ። አንቺ ያን ሚስማር እስክትመቺ ድረስ የቀረሽ አንድ ወር ከሆነ ምንም ነገር እንዳትነኪ። «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» እንዳይሆንብሽ።

እኔ ይህን የምልሽ ተቀጥቼ ነው። በእኛ ጊዜ ዋቢ የሚያዘው በካርድ፣ ካርዱም በጫማ ካርቶን ነበር። አንድ ክረምት ባቡር ላይ ለመድረስ ስሮጥ ዩኒቨርሲቴት ጣቢያ ላይ ካርቶኑ ተከፈተና ካርዶቼ ወለሉን ሞሉት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? አፍስሼ ለቀምሁ። አንዷ ካርድ ግን አልተገኘችም፤ በመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ እስከ ዛሬ ገጽ የሌላት ማጣቀሻ እሷ ናት።

ስለዚህ ከመጫንሽ በፊት ዞቴሮን ዝጊውና «ዞቴሮ» የሚለውን ፎልደር እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጪው። አዲሱ ቨርዥን አንዴ ከተከፈተ የመረጃ ቋቱን በራሱ ልክ ይሰፋዋል፤ ከዚያ ወዲያ አሮጌው ላይከፍተው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2024 ዞቴሮ 7 ሲወጣ ለስድስተኛው የተሠሩት ፕለጊኖች ካልታደሱ አልሠራም ብለው ብዙ ሰው አስደንግጠዋል። «ሲንክ ይደረጋል እኮ» እንዳትዪኝ። ሲንክ በስህተት የሰረዝሽውን ሰርቨሩ ላይም ሄዶ ይሰርዝልሻል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ኤንድኖት የሚባለውን ሌላ ፕሮግራም የምትጠቀመው ጓደኛሽም ትስማ፦ የእሷ ፋይልና «ዳታ» የሚለው ፎልደር ሙቀጫና ዘነዘና ናቸው፣ አብረው ይገለበጡ። ዩኒቨርሲቲው የከፈለላት ፈቃድ ከምረቃ ጋር ሊያበቃ ስለሚችል ዝርዝሯን በአር አይ ኤስ ፋይል አውጥታ ትያዝ። እ.ኤ.አ. በ2018 አጋማሽ የስዊድን ዩኒቨርሲቲዎች ከአሳታሚው ኤልሰቪር ጋር የነበራቸው ውል ተቋርጦ እስከ 2020 መግቢያ ሲቆይ፣ በሰው ፈቃድ ላይ ያለ ንብረት ምን እንደሆነ አይተናል።

እኔን የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። ዝርዝርሽን ሳይ «ዘውዴ፣ ባ.» የሚል አነበብሁ። እኚህ ማን ናቸው ብዬ ደነገጥሁ። ለካ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ናቸው! ፕሮግራሙ መጨረሻ ላይ ያገኘውን ስም የቤተሰብ ስም ነው ብሎ ይወስዳል። ለአንደርሰን ልክ ነው፤ እኛ ዘንድ ሲመጣ ልጅ የጻፈውን ለአባት ይሰጣል፤ ጸሐፊው አንድ ፊደል ሆነው ይቀራሉ። ሐዲስ ዓለማየሁም «ዓለማየሁ፣ ሐ.» ሆነዋል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እያልን ባደግንበት አፍ ይህን ዝም ብለን እናሳልፍ? ጎረቤቶቻችን አይስላንዶች እንኳ በአባት ስም ስለሚጠሩ የስልክ ማውጫቸውን ይደረድሩ የነበረው በራስ ስም ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ዞቴሮ ላይ ከስሙ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ምልክት ስትነኪ ሁለቱ ሳጥን አንድ ይሆናል፤ «ባሕሩ ዘውዴ» ብለሽ ሙሉውን ጻፊበት። ኤንድኖት ላይ ደግሞ ሙሉ ስሙን ጽፎ መጨረሻው ላይ ኮማ ማድረግ ይበቃል። አማካሪሽ ደንቡ አይፈቅድም ካሉሽ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 የታተመውን የኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካ አምስት ቅጽ አሳዪያቸው፤ የሀገራችንን ሰዎች የደረደረው በራሳቸው ስም ነው።

ዓመተ ምሕረቱንም እዪው። የሐዲስ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ነው የታተመው። ዝም ብለሽ 1958 ካስገባሽ ፕሮግራሙ የፈረንጁ ይመስለዋል፤ መጽሐፉ ሳይታተም ሰባት ስምንት ዓመት አስቀደምሽው ማለት ነው። አዲስ ቨርዥን ይህንን አያርምልሽም፤ የሚያውቀው ሰው ብቻ ነው።

እሑድ ስትመጪ ዝርዝሩን በወረቀት አትመሽ ይዘሽልኝ ነይ። በትልቅ ፊደል አድርጊው፤ ዓይኔ ደክሟል። ስሞቹን አንድ በአንድ አብረን እናያለን።