ያልገባውን የሚያዜም ልጅ

ከሰበታ ወጥቶ በጅማ መንገድ ተፍኪ የሚደርስ ሰው በየመንገዱ ኦሮምኛና አማርኛ ይሰማል፤ እንግሊዝኛ የሚያወራ ማግኘት ግን ይቸግረዋል። የአካባቢው ሕፃን ይህን ቋንቋ በአብዛኛው የሚያገኘው ከክፍል ውስጥ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ ማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወስኗል። ገና ፊደል ባልለየ ልጅ ፊት የቆመ መምህር ታዲያ ምን ያድርግ? ያዘምራል።

የፊደሉ መዝሙር በየትምህርት ቤቱ የታወቀ ነው። ዜማው የቆየ የፈረንሳይ ዜማ ነው፤ ሞዛርትም ሠርቶበታል። የእንግሊዝኛ ፊደላት ተገጥመውለት በቦስተን ከተማ የታተመው በ1835 እ.ኤ.አ. ነው። ልጆች መካከሉ ላይ ሲደርሱ ይፈጥናሉ፤ ኤል፣ ኤም፣ ኤን፣ ኦ፣ ፒ ተጣብቀው «ኤለመኖፒ» ይሆናሉ። መዝሙሩን አንድም ሳይስት የጨረሰ ልጅ «እስቲ ኤምን አሳየኝ» ሲባል ጣቱን ሰሌዳው ላይ አድርጎ ከመጀመሪያው ማዜም ይጀምራል።

ይህ ልጅ የሚያውቀው ምንድን ነው? ጥያቄው የእንግሊዝኛ መምህሩ ብቻ አይደለም፤ የሃይማኖት ሰዎችም ብዙ ደክመውበታል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በላከው የመጀመሪያ መልእክት፣ ምዕራፍ 14፣ በመንፈስም በአእምሮም መዘመር እንደሚገባ ያስተምራል። የቤተ ክርስቲያን ሊቁ አውግስጢኖስ ደግሞ በኑዛዜ መጽሐፉ የቤተ ክርስቲያን ዝማሬ እንዳስለቀሰው ይናገራል፤ ከቃሉ ይልቅ ዜማው ልቡን የወሰደበትን ጊዜ ግን እንደ ኃጢአት ይቆጥረዋል። እንዲያም ሆኖ ዝማሬ ይቅር አላለም።

የኢትዮጵያ የአብነት ትምህርት ለዚሁ ጥያቄ በተግባር መልስ ሰጥቷል። ግእዝ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መሆኑ ከቀረ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል፤ እስከ ዛሬ ከቆየባቸው መንገዶች ዋነኛው ዜማ ነው። የ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመኑ ቅዱስ ያሬድ ራሱ፣ ትውፊቱ እንደሚለው፣ ዳዊት አልገባው ብሎ በአጎቱ በመምህር ጌዴዎን የተገረፈና ተስፋ ቆርጦ የኮበለለ ተማሪ ነበር። በአርጩሜ መማር ያቃተው ይህ ልጅ ኋላ የግእዝ፣ የዕዝልና የአራራይ ዜማ አባት መሆኑን እያንዳንዱ መምህር ቢያስበው መልካም ነው።

ዛሬም የቆሎ ተማሪ ውዳሴ ማርያምን በሌሊት፣ ያለ መብራት፣ በቃሉ ያጠናል። ትርጉሙን ገና አልተማረም። ጆሮው ግን ከግእዝ የንባብ ስልቶች ተነሹን ከወዳቂው፣ ሰያፉን ከተጣዩ ይለያል፤ አንዷን ቃል ያለ ቦታዋ ከጣላት መምህሩ እዚያው ያርመዋል። በመዝሙር የተማረ ልጅም የእንግሊዝኛው ቃል የት ላይ ጎላ ብሎ፣ የት ላይ ቀለል ብሎ እንደሚነገር ሕጉን ከማወቁ በፊት ሊይዘው ይችላል። ይህን በቀቀንነት ነው ብሎ ማጣጣል ስህተት ነው።

ሊቃውንቱ ግን ዜማን ብቻውን አላመኑትም። ሀ ሁ ሂን በዜማ የወጣ ልጅ ቀጥሎ አቡጊዳ ይጠብቀዋል፤ ያው ፊደል ተራውን ለውጦ ስለሚመጣበት ዜማውን ብቻ የያዘ እዚያ ይያዛል። ቆይቶ ቅኔ ቤት ሲገባ፣ ዋሸራም ይሁን ጎንጅ ወይም ዋድላ፣ ግስና አገባብ ይማራል፤ ከዚያም ከባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል። የትናንቱን ዛሬ ደግሞ ቢያመጣ አይቀበሉትም። በሌሊት ያለ ትርጉም ያጠናው ቋንቋ እዚህ የራሱ ይሆናል።

ያልገባውን የሚያዜም ልጅ አይዋሽም፤ መምህሩን አምኖ ነው የሚያዜመው። ትርጉሙ የመምህሩ ዕዳ ነው። መዝሙር አዘምሮ፣ አስጨብጭቦ፣ ክፍሉን ደስ አሰኝቶ የሚወጣ መምህር ዕዳውን ገና አልከፈለም።

ስለዚህ በተፍኪ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ እንግሊዝኛ የምታስተምሩ ሁሉ መዝሙሩን አትተዉት። ግን አንድ ቀን ከመካከል አስጀምሩት፤ ፊደሉን አዘበራርቃችሁ ሰሌዳ ላይ ጻፉና አስነብቡ። ስለማያውቀው አገር እንስሳ የዘመረውን ልጅ በዚያው ዜማ ስለ ቤታቸው በሬ፣ ስለ ጤፉ ወይም ስለ ሽምብራው አንድ መስመር ገጥሞ እንዲመጣ ጠይቁት። ተሳስቶ ቢያመጣም ተቀብላችሁ አርሙለት፤ በማግስቱ ደግሞ ሌላ መስመር ጠይቁት።