የርቢ ዶሮ ስትሞት ኪሳራው የማን ነው?



ስለ ንግድ ሐላልና ሐራም ሲነሳ አብዛኞቻችን የምናስበው ባንክን፣ ወለድንና የመርካቶን ትልልቅ ሱቆች ነው። እኔ ግን ዛሬ የማነሳው ስለ ጓሮ ዶሮ ነው። ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከተማ የሚኖር ሙስሊም ገጠር ካለ ዘመዱ ጋር ያለ ጽሑፍና ያለ ምስክር ከሚዋዋላቸው ውሎች አንዱ ይኸው ነው።

በወላይታ ዞን፣ በዱጉና ፋንጎ ወረዳ የምትገኘውን ዲምቱን እንውሰድ። በወላይታ ሕዝቡ ብዙ፣ መሬቱ ጠባብ ነው፤ ግማሽ ሄክታር እንኳ የማይሞላ ይዞታ ያለው ገበሬ ብዙ ነው። ላም ለመግዛት አቅም የሌላት ሴት የምትጀምረው በዶሮ ነው። ዶሮ ተሸጦ ፍየል፣ ፍየል ተሸጦ ጊደር ይገዛል። ለዶሮውም ገንዘብ ሲታጣ ሶዶ ወይም አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ቄቦች ገዝቶ ይሰጣል፤ እርሷ ታረባለች፤ እንቁላሉንና ጫጩቱን ይካፈላሉ። ወላይታዎች በከብት ረገድ ለዚህ የቆየ ሥርዓት አላቸው። «ሀራ» በሚሉት ባለቤቱ ከብቱን ለሌላ ይሰጥና ጠባቂው ስለ ድካሙ ወተቱንና ፍጉን ያገኛል። «ኮታ» በሚሉት ደግሞ ሁለት ሰዎች አዋጥተው አንድ እንስሳ በጋራ ይይዛሉ።

የርቢው ውል ሰላም የሚሆነው ዶሮዎቹ በሕይወት እስካሉ ድረስ ነው። ፈንግል የገባ ዕለት ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ የመንደሩን ዶሮ ሊጨርሰው ይችላል። ለሽምግልና በተቀመጥኩበት አንድ ጉዳይ የገጠመኝም ይህ ነው። ከተማ ያለው ወንድም 20 ቄብ ገዝቶ ለአክስቱ ልጅ ሰጠ፤ 16ቱ ሞቱ። እርሱም «በእጅሽ ነው የሞቱት፤ ግማሹን ትከፍይኛለሽ» አለ። እርሷም «6 ወር ሙሉ ቆጥ ስጠርግ፣ ጫጩት ከጭልፊት ስጠብቅ ኖሬያለሁ፤ የእኔንስ ድካም ማን ይከፍለኛል?» አለች።

ታዲያ ሐቁ ከማን ጋር ነው? እኔ ሙፍቲ አይደለሁም። ነገር ግን ከዑለሞቻችን እንደተማርነው በሙዳረባ አንዱ ገንዘቡን፣ ሌላው ጉልበቱን ያመጣል። ሲተርፍ በተስማሙበት ይካፈላሉ፤ ሲከስር ባለገንዘቡ ገንዘቡን፣ ሠራተኛው ድካሙን ያጣል። ሠራተኛው የአደራ ያዥ ነውና ቸልተኝነት ካላሳየ ወይም ወሰን ካላለፈ አይጠየቅም። ወንድማችን «ግማሹን ክፈይ» ሲል እህታችንን ሁለት ጊዜ ማስከፈሉ ነው፤ አንዴ በድካሟ፣ አንዴ በገንዘቧ። ገንዘቤ ቢጠፋ ትተኪያለሽ፣ ቢተርፍ ግን እካፈልሻለሁ ማለትስ ከሸሸነው ወለድ በምን ይለያል?

«እንዲህ ከሆነ ጠባቂዋ ለምን ትጠነቀቃለች?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የዶሮ ቤቱን በር ማታ ሳትዘጋ ቀርታ ሸለምጥማጥ ቢገባ፣ ወይም ከገበያ የመጣ ዶሮ ለብቻው ሳታቆይ ብትቀላቅል በእርግጥ ልትጠየቅ ትችላለች። የፈንግል ክትባት ግን ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው የቢሾፍቱው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ክትባቱን ያመርታል። ይሁንና አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚሆን ስለሆነ 20 ዶሮ ላላት ሴት ብቻዋን መግዛቱ አያዋጣም፤ ከጎረቤት ጋር መተባበር፣ በየጊዜውም መድገም ያስፈልጋል። ለክትባት ሰባራ ሳንቲም ያልላከ ባለቤት «አላስከተብሽም» ብሎ የመክሰስ መብት ከየት ያመጣል?

ወደ ውሉ እንመለስ። ገና ባልተፈለፈለ ጫጩት ደመወዝ መዋዋልን በርካታ ሊቃውንት ዋጋው አይታወቅም ብለው ከልክለዋል። እንደ ኢብኑ ተይሚያ ያሉት ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የኸይበርን መሬት ለአይሁዶች በምርቱ እኩሌታ እንዲያለሙት ከሰጡት ጋር አመሳስለው ፈቅደዋል። ይህ ታሪክ ሌላም ትምህርት አለው። በዲምቱ የምንዋዋለው ሰው ክርስቲያን ሊሆን ይችላል፤ ፍትሕ ግን ሃይማኖት አይለይም። ከከለከሉት ወገን ደግሞ መውጫ ያሳዩ አሉ። ባለቤቱ የእንስሳቱን ግማሽ በታወቀ ዋጋ ለጠባቂው ይሸጥለት፤ ከዚያ በኋላ ትርፉም ኪሳራውም እንደ ድርሻቸው ይሆናል። ይህ ወላይታዎች ኮታ ለሚሉት የቀረበ ነው።

ሆኖም በዚህኛው መንገድ ዶሮዎቹ ቢሞቱ የድሀዋ ሴት ዕዳ አይሰረዝም። ስለዚህ ለእኔ የሚመስለኝ፣ ጥሪት ላላት ኮታው፣ ምንም ለሌላት ደግሞ ኪሳራው በባለቤቱ ላይ የሚወድቅበት ውል ይሻላል። በዕዳ ለወደቀችም ቁርኣን ጊዜ እንድንሰጥ፣ ብንተውላትም የተሻለ መሆኑን ያስተምረናል። ከቻልን ደግሞ ሃያውንም በርቢ ከመስጠት አምስቱን ሰደቃ እናድርግላት።

በዚህ ውል ውስጥ ሦስተኛ ወገን አለች፤ እርሷም ዶሮዋ ናት። «መኖውን ማን ይግዛ?» እያልን ስንከራከር የምትራበው እርሷ ናት። ድመት አስራ በረሃብ ስለ ገደለችው ሴት ነቢያችን የነገሩንን ያልሰማ የለም።

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፣ ቄብ ከመግዛታችን በፊት ተቀምጠን እንነጋገር። መኖውንና ክትባቱን ማን እንደሚችል፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ለጊፋታና ለፋሲካ ዋጋ ሲወጣ መቼ እንደሚሸጥ፣ በሽታ ቢገባ ጉዳቱ በማን ላይ እንደሚሆን በጽሑፍ እናስፍር፤ ምስክርም እናቁም። ይህ ዝምድናን መጠራጠር አይደለም፤ ዝምድናን ከዶሮ ዋጋ በላይ ማክበር ነው።

ወላሁ አዕለም።